ጭቃው ያልደረቀ ምድጃ

ስለ ምድጃ ማንም አያስተምረኝም እል ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ባሕር በሚፈሰው በፖሹር ወንዝ ዳርቻ ባሉ መንደሮች እየዞርኩ፣ በሰው ጓሮ እየተንበረከክሁ፣ እጄን ምድጃ ውስጥ ስከት ኖሬያለሁ። ሌላው ሠራተኛ ወረቀት ያገላብጣል፤ እኔ አመድ አገላብጣለሁ። ስሜ ሚናቲ ባይራጊ ይባላል፤ የምሠራው በሀገረ ስብከታችን ሥር ባለው የካቶሊክ እርዳታ ድርጅት ነው። ማዕበል ሲመታን ሩዝና ሸራ እናከፋፍላለን፤ ማዕበሉ ሲያልፍ ቤት እንሠራለን። ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከፍ ተደርጎ በተደለደለ አፈር ላይ የቆመ፣ የሲሚንቶ ምሰሶና የቆርቆሮ ክዳን ያለው አንድ ክፍል ነው። ባሕሩ ሲገባ ግን ከውሃው በላይ የሚቀረው እሱ ነው።

ቤቱን የምንሰጠው በሰው ቁጥር አይደለም፤ በምድጃ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ግቢ ውስጥ አባትና ሦስት ያገቡ ልጆች አብረው ይኖራሉ። እነዚህ አንድ ቤተሰብ ናቸው ወይስ አራት? መልሱ ድስቱ ጋ ነው። ከአንድ ድስት የሚበሉ አንድ ናቸው። ድስት የለዩ ዕለት፣ አንድ ግድግዳ ቢጋሩም፣ ተለያዩ ማለት ነው። ይህን እኛ እናውቃለን፤ ክፋቱ፣ እኛ እንደምናውቅ ሕዝቡም ያውቃል። ስለዚህ ካለፈው ማዕበል በኋላ ምዝገባ ልንጀምር ነው የሚለው ወሬ ኬዎራቶላ መንደር በደረሰ በሁለት ቀኑ ግቢው ሁሉ ምድጃ አበቀለ። ትናንት አንድ ድስት የነበራቸው ወንድማማቾች ዛሬ ሦስት ሆነው ጠበቁን፤ አንዱ ቤት ውስጥማ ባልና ሚስት ድስት ለየን ብለው እየተሳሳቁ ተቀበሉኝ።

የኔ ሙያ እዚህ ላይ ነው። ሴቶቻችን በየጠዋቱ ምድጃቸውን በቀጭን ጭቃ ስለሚለቀልቁት ከላይ ሲያዩት ሁሉም አዲስ ይመስላል። እጅ ማስገባት ያስፈልጋል። የቆየ ምድጃ ውስጡ እንደ ጡብ ቀልቶ ይጠነክራል፤ በጥፍር ቢፍቁት አይበገርም። የትናንቱ ግን ግራጫ ነው፤ ይፈረፈራል፣ እርጥብ አፈር ይሸታል። በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ የውሸት ምድጃ እጅ ከፍንጅ ያዝኩ። አለቃዬ ፕሮዲፕ በስልክ፣ «ሚናቲ፣ አንቺ ፖሊስ ብትሆኚ ኖሮ አገሩ ሰላም በሆነ ነበር» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኒታይ ሞንዶል ግቢ ደረስን። ኒታይ ሸርጣን ከአጥማጆች እየተረከበ ለከተማ ነጋዴ የሚያቀብል ሰው ነው፤ ቤቱ በከፍተኛ ድልድል ላይ በቆርቆሮ የተሠራ፣ በሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው። የመንደሩ ኮሚቴ ጸሐፊም እሱ ነው። ለራሱ ቤት አልጠየቀም፤ እንዲያውም ደብተሩን ይዞ ከግቢ ግቢ የሚያዞረኝ እሱ ነበር። የሱን ግቢ ልናልፈው ስንል ከድልድሉ ሥር፣ ኩሬው ዳር፣ በዘንባባ ቅጠል የተከደነች አንዲት ዘመም ያለች ጎጆ አየሁ። ፊት ለፊቷ ምድጃ አለ። ምድጃው አጠገብ ነጭ ሳሪ የለበሱ አሮጊት ቁጢጥ ብለዋል፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው።

«እሳቸው ደግሞ ማን ናቸው?» አልኩ።

«እናቴ ናት» አለ ኒታይ። «ቀን ቀን እዚህ ትቀመጣለች። ንፋስ ትወዳለች።»

ተንበረከክሁና እጄን ምድጃው ውስጥ አስገባሁ። ጣቶቼ እስከ አንጓቸው ጭቃው ውስጥ ሰመጡ። ከኋላዬ ደርዘን የሚሆን ሰው ተከትሎን ቆሟል፤ እኔ ደግሞ ሰው ሲያየኝ ምላሴ ያሳክከኛል።

«ማሺ» አልኳቸው፤ እኛ አገር የእናትን እኩያ ሁሉ እንዲህ ነው የምንጠራው። «ማሺ፣ ጭቃው እኮ ገና አልደረቀም። ውሸቱን ቢያንስ ከትናንት ቢጀምሩት ምን ነበረበት?»

ሰው ሳቀ። ከሁሉም በላይ ኒታይ ሳቀ። አሮጊቷ አላዩኝም፤ ልጃቸውን ነበር የሚያዩት። ከዚያ እጃቸውን በቀስታ እየጠራረጉ፣ «ከልጄ ጋ ነው የምበላው» አሉ።

«ይኸው፣ አለቀ» ብዬ ለሳቸው የጀመርኩትን መስመር ሰረዝኩና ወደሚቀጥለው ግቢ አለፍኩ። ቀልዱ ራሴን በጣም ስላስደሰተኝ ምሳ ላይ ደግሜ አወራሁት።

የሚቀጥለው ነገር ሁልጊዜም አንድ ነው። የአርባ ሁለት ቤት ስም ዝርዝር በምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ በተሠራው የማዕበል መጠለያ አንዱ ምሰሶ ላይ ይለጠፋል። ለሰባት ቀን የፈለገ ሰው ያያል፣ ያጉረመርማል፣ ቅሬታውን በሳጥን ይጨምራል። በስምንተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ መንደሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ስሙ አንድ በአንድ ይነበባል፤ የሚቃወም ቆሞ ይናገራል፣ ቀረሁ የሚልም ቆሞ ይናገራል። ከዚያ ዝርዝሩ ይዘጋል፤ ምሰሶና ቆርቆሮ የጫነው ጀልባም ይመጣል። ከተዘጋ በኋላ ጳጳሳችን ቢመጡ እንኳ ስም አያስገቡም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ የቅሬታ ሳጥኑን ልከፍት ስሄድ ሞክሌስ ሻይ ቤት ጎራ አልኩ። ሞክሌስን ከጥንት ጀምሮ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ወደዚህ መንደር የመጣን ጊዜ፣ «ቤት ስትሰጡን ስማችንን ወደ ክርስቲያን ስም ትቀይሩብናላችሁ ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ፣ «ያንተን ስም ማን ይፈልገዋል ብለህ ነው?» ብዬው በዚያው ወዳጅ ሆነን ቀረን። ሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ሁለት አጥማጆች ስላላለቀ ጀልባ ይከራከራሉ። አንደኛው፣ «ተወው ባክህ፣ ጭቃው ገና አልደረቀም» አለና ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ። ሞክሌስ ሻይ ሲቀዳልኝ ፊቱ አልተፈታም።

«አፓ» አለኝ፤ ሙስሊሞቹ እህት ሲሉ ነው። «ቀልድሽ አገር ምድሩን አዳረሰ።»

«ምን ላድርግ፣ አፌ ነው።»

«አፍሽስ ደህና ነው። ዓይንሽ ነው ያሳሰበኝ።»

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«ምድጃው እርጥብ ነው አልሽ። ለምን እርጥብ ሆነ ብለሽ ጠየቅሽ?»

«አዲስ ስለሆነ ነዋ።»

«ለምን አዲስ ሆነ?»

 ሞክሌስ ወደ አጥማጆቹ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የኒታይ እናት ኖኒባላ ብቻቸውን ማብሰል ከጀመሩ አራት ዓመታቸው ነው። ከምራታቸው ከቢሻካ ጋር ድስት የለዩት ያኔ ነው። የሰው ዓሣ እያደረቁ ነው ሩዛቸውን የሚያገኙት። እናንተ እነሱ ግቢ ልትመጡ ዋዜማ ላይ ቢሻካ አሮጌውን ምድጃ በዘነዘና ድምጥማጡን አጥፍታ ስብርባሪውን ኩሬ ከተተችው።»

«ለምን ብላ?»

«እንዴት ለምን ትያለሽ? የኮሚቴው ጸሐፊ እናት የምጽዋት ቤት ተሠራላት ሊባል ነው? ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው እናት? አሮጊቷ ደግሞ ጠዋት እህል መቅመስ ነበረባቸው፤ አዲስ ሠሩ። እጃቸውን ሳይታጠቡ አንቺ ደረስሽ።»

«ታዲያ ያን ያህል ሰው ቆማችሁ ስታዩ አንዳችሁ አትነግሩኝም?»

«ኒታይ አጠገብሽ ቆሞ? ሸርጣናቸውን ለማን ሊሸጡ?» ብርጭቆውን አጠበና ደፋው። «ደግሞም አንቺ ትስቂ ነበር፣ አፓ። የሚስቅ ሰው ምን ይነገረዋል?»

 ያን ሰዓት ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላሁም። ብርጭቆውን ከነሻዩ ትቼ ተነሳሁ፤ የቅሬታ ሳጥኑንም ሳልከፍት ወንዙን በሚከላከለው የአፈር ግድብ ላይ ልሮጥ ምንም ሳይቀረኝ ወደ ኩሬው ሄድኩ።

ኖኒባላ ምንጣፍ ላይ የተሰጡ ትናንሽ ዓሦችን በጀርባቸው ይገለብጣሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሳይጋብዙኝ።

«ማሺ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። አላወቅሁም ነበር።»

«ምኑን?»

«ምድጃውን ማን እንደሰበረው።»

እጃቸው ቆም አለ፤ ከዚያ መገልበጣቸውን ቀጠሉ። «ምድጃ ይሰበራል» አሉ። «ጭቃ አይደለም እንዴ?»

«ሐሙስ ስብሰባ አለ። ይምጡና ቆመው ብቻዬን ነው የምበላው ይበሉ። አንድ ቃል ናት። የቀረውን እኔ አለሁ።»

«በሰው ፊት ቆሜ ልጄ አያበላኝም ልበል?»

«እንደዚያ አይደለም። ድስት ለይተናል ነው የሚሉት።»

«ያው ነው ልጄ። አንቺ ከተማ ስለተማርሽ ሁለት ነገር መሰለሽ።»

ጎጆዋን ቀና ብዬ አየኋት። በአንድ በኩል በገመድ ከኮኮናት ዛፍ ጋር ታስራለች። የማዕበል ወቅት ሊገባ ወር ቢቀረው ነው።

«ይቺ እኮ አትቆምም፣ ማሺ።»

«አውቃለሁ።»

«ባለፈው ጊዜ የት ነበሩ?»

«ዛፉ ላይ» አሉ፤ ገበያ ነበርኩ እንደሚል ሰው። «በሳሪዬ ራሴን ግንዱ ላይ አሰርኩ።»

«ኒታይስ?»

«ኒታይ ቤቱ ነበር። ተጣርቼ ነበር። ንፋሱ ጩኸት ነበረው፣ አልሰማኝም ይሆናል።» አንዱን ዓሣ አንስተው አሸተቱና መለሱት። «አልሰማኝም። ቢሰማኝ ኖሮ ይከፍትልኝ ነበር።»

 ተነስቼ ወደ ግድቡ ወጣሁ።

ለፕሮዲፕ ደወልኩ። ግድቡ ላይ ወዲያ ወዲህ እያልኩ፣ ስማቸውን በራሴ ላስገባው፣ ስህተቱ የኔ ነው፣ ማንም አያውቅብንም አልኩት።

«ሕጉን ታውቂዋለሽ» አለኝ። «ስም በጓዳ አይገባም። ዛሬ አንቺ በእውነት ታስገቢያለሽ፤ ነገ ሌላው የአክስቱን ልጅ ያስገባል። ሐሙስ ቆመው ይናገሩ።»

«አይናገሩም አልኩህ እኮ።»

«እንግዲያው አንቺ ተናገሪ። በሰው ፊት አይደል የሰረዝሻቸው? በሰው ፊት መልሻቸው።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። የናደደኝ እውነቱን ስለተናገረ ነው።

ከዚያ ወዲያ እስከ ሐሙስ ቀልቤ አልተሰበሰበም። መቁጠሪያዬን ይዤ ጸሎት እጀምራለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቁጥሩ ይጠፋኝና እንደገና ከመጀመሪያው እነሳለሁ። ሩዝ ይቀርብልኛል፤ ሁለቴ ጎርሼ እነሳለሁ። ሌሎች መንደሮች ሄጄ ሌላ ሥራ ልሠራ እሞክርና ምድጃ ባየሁ ቁጥር እጄን ወደ ኋላ እሸሽጋለሁ። እነዚያ አሥራ ዘጠኙስ? ከነሱ ውስጥ ስንቱ ተሰብሮ የተሠራ ነበር? ተመልሼ ሁሉንም ጠየቅሁ። የሌሎቹ እውነትም ውሸት ነበር፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ለሁለተኛ ጊዜ መያዛቸው አስቋቸዋል። ይህ ግን አላሳረፈኝም።

ረቡዕ፣ ኒታይ ወደ ሸርጣን መረከቢያው እንደወጣ አይቼ፣ ሳሪዬን ሸብ አድርጌ ኩሬው ውስጥ ገባሁ። ውሃው ወገቤ ደረሰ። ጭቃውን በእግሬ ስደባብስ ጠንካራ ነገር ረገጥኩ። ጎንበስ ብዬ አወጣሁት፤ መዳፍ የሚያህል፣ ደም የመሰለ ቀይ፣ በጥፍሬ ብፍቀው የማይበገር። አራት ዓመት እሳት የበላው አፈር። ሁለተኛውን አወጣሁ። ሦስተኛውን ይዤ ቀና ስል ቢሻካ ዳር ላይ ቆማ አየችኝ። ወገቧን ይዛለች።

«ምን ጠፍቶሽ ነው፣ ዲዲ?» አለችኝ። እኛ ክርስቲያኖቹም ሂንዱዎቹም እህትን ዲዲ እንላለን፤ እሷ ግን እንደ ስድብ ነው ያወጣችው።

«ምድጃ።»

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

ትሸሻለች ወይም ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ዳር ላይ ቁጭ አለች።

«ይህን ጽፈሽ ትወስጃለሽ» አለች። «ጥሩ ነው። እኔ ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ምን እንዳሳለፍኩስ የሚጽፍ አለ? ጭሱን የምጠጣው እኔ፣ ጨው የምትጨምረው እሷ። ማማሰያ አስነክታኝ አታውቅም። ሩዝ ሳወጣ ጭልፋውን ከእጄ ትነጥቀኝ ነበር። ድስቱ የኔ ነው፣ ልጁ የኔ ነው፣ ቤቱ የኔ ነው። አንድ ቀን እንግዲያው ድስትሽን ይዘሽ ውረጂ አልኳት። ወረደች። ተመልሳ ትመጣለች ብዬ ነበር እኮ። እልኸኛ ናት።»

«ባለፈው ማዕበል ዛፍ ላይ ነበሩ፣ ቢሻካ።»

ፊቷን አዞረች። «አውቃለሁ» አለች በመጨረሻ። «ስትጣራ ሰምቻታለሁ።»

  ስብርባሪውን በሳሪዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ውሃ እያንጠባጠብኩ ከኩሬው ወጣሁ።

ሐሙስ መንደሩ ሁሉ በመጠለያው ምሰሶዎች መሐል ተሰበሰበ። ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላ ወገን። ፕሮዲፕ ከከተማ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ኒታይ ደብተሩን ይዞ አጠገቡ ነው። ኖኒባላ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ፣ ምሰሶ ተደግፈው ተቀምጠዋል። መምጣታቸውን ሳይ ልቤ ዘለለ። ስሙ ተነበበ። ሁለት ሰዎች ተቃወሙ፣ አንዱ ተሰረዘ፣ ሌላው ተሰድቦ ተቀመጠ። «ቀረሁ የሚል አለ?» አለ ፕሮዲፕ። እያየ ያለው እኔን ነው።

ተነሳሁ። 

«ቀረሁ የሚል ሳይሆን፣ አስቀረሁ የምል እኔ ነኝ» አልኩ። «ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ምድጃ ውስጥ እጄን ከትቼ ጭቃው አልደረቀም ብዬ ሳቅሁ። እናንተንም አሳቅኋችሁ። ምድጃው እርጥብ የሆነው አሮጌው ስለተሰበረ ነው። አሮጌው ይኸውላችሁ።» ቋጠሮዬን ፈትቼ ቀዩን ስብርባሪ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥኩ። «የአራት ዓመት እሳት ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ኖኒባላ ሞንዶል ስማቸው እንዲገባ እጠይቃለሁ።»

 ኒታይ ብዕሩን ይዞ ደርቆ ቀርቷል፤ አንገቱ ላይ ላቡ ይታየኛል። ቢሻካ ከሴቶቹ መሐል መሬት መሬት ታያለች።

«ማሺ» አለ ፕሮዲፕ በአክብሮት፣ «ይህ ምድጃ የእርስዎ ነው?»

ኖኒባላ ምሰሶውን ይዘው ተነሱ። ሰዉን እየሰነጠቁ እስከ ፊት መጡ። ጎንበስ ብለው ከስብርባሪው አንዱን አነሱና አገላብጠው አዩት። አውራ ጣታቸው ጠርዙ ላይ፣ ድስቱ ይቀመጥበት የነበረው ጎድጓዳ ላይ ሄዶ ዐረፈ። ከዚያ መልሰው አስቀመጡት።

«የኔ አይደለም» አሉ።

«ማሺ!» አልኩ።

«ዝም በይ አንቺ።» ድምፃቸው ያን ያህል ጠንካራ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። «እኔ ምድጃ የለኝም። ልጅ ነው ያለኝ። ኒታይ ያበላኛል። የምበላው ከሱ ድስት ነው። ትናንት ከሱ ድስት ነው የበላሁት።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ዛሬም ከዚህ ወጥቼ የምበላው ከሱ ድስት ነው። ነገም። ውሃው የመጣ ቀንም የማድረው ከሱ ድስት አጠገብ፣ ከሱ ቤት ውስጥ ነው። ውሸት ነው ወይ፣ ኒታይ? በሰው ፊት ተናገር።»

ኒታይ ከደብተሩ ቀና አለ። መንደሩ ሁሉ ያየዋል። ሸርጣን የሚሸጡለት ሁሉ፣ ሻይ የሚያፈላው ሞክሌስ፣ የከተማው ሰው፣ ሁሉም።

«እውነት ነው» አለ።

«እንግዲያው ጻፈው» አሉ እናቱ። «ጸሐፊ አይደለህ?»

ጻፈው። አርባ ሁለተኛው ቤት በተሰረዘው ሰው ፋንታ ግድቡ ዳር ለሚኖር አንድ አጥማጅ ሄደ፤ ዝርዝሩም ተዘጋ። ኖኒባላ ሳሪያቸውን ራሳቸው ላይ አስተካክለው፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ በሰዉ መሐል ወጡ። ወዴት እንደሄዱ ለማየት ተከተልኳቸው። ወደ ጎጆዋ አልታጠፉም። ድልድሉን ቀስ እያሉ ወጥተው፣ ሰማያዊው በር ጋ ጫማቸውን አወለቁና ገቡ።

ፕሮዲፕ በጀልባው ስንመለስ፣ «ይኸው፣ ተፈታ» አለኝ። እኔን ግን አላሳመነኝም። ሰው በሐፍረት የከፈተው በር ሰው ማየቱን ሲያቆም ይዘጋል እያልኩ ተብሰለሰልኩ። የሚቀጥሉትን ሳምንታት ሰበብ እየፈለግሁ ልሄድ ፈልጌ ነበር፤ ግን ሌላ መንደር ምሰሶ ማስተከል ነበረብኝ፣ አልቻልኩም። ለሞክሌስ እየደወልኩ እጠይቀዋለሁ። «አፓ፣ እኔ ሰው ቤት ገብቼ ድስት አልቆጥርም» ይለኛል።

ወሩ ሳይሞላ ማዕበል መጣ ተባለ። ወደቡ ላይ የአደጋው ምልክት ከሦስት ወደ አራት ከፍ አለ፤ የማስጠንቀቂያ ሰንደቁ ተሰቀለ። ማንም ሳይልከኝ፣ ለሰው መጠለያ ግቡ እላለሁ ብዬ፣ በመጨረሻው ጀልባ ኬዎራቶላ ወረድኩ። ከቀትር በኋላ ነው፣ ሰማዩ ግን ጠቁሯል። ንፋሱ ግድቡ ላይ አላራምድ ይለኛል። በቀጥታ ወደ ኩሬው ነው የሄድኩት።

ጎጆዋ ወድቃለች። የዘንባባው ክዳን በሙሉ ምድጃው ላይ ተደፍቷል። ክዳኑን በሁለት እጄ ገፍቼ ተንበረከክሁና እጄን ምድጃው ውስጥ አስገባሁ። ቀዝቃዛ ነው። አመዱ ውስጥ ሸረሪት ድር ሠርታለች። ሳምንታት እሳት አላየም። ከልጃቸው ጋር ስለሚበሉ ይሆን? ወይስ ጨርሶ ስለማይበሉ? ምድጃ አውቃለሁ የምለው ሴት ይህን መለየት አቃተኝ። «ማሺ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄን ንፋሱ ወሰደው። ያን ሌሊት እሳቸው ሲጣሩ እንዴት እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ደግሜ ጮህኩ።

ከላይ ሰማያዊው በር ተከፈተ። ቢሻካ ነበረች።

«ምን ታጓሪያለሽ? ግቢ!» አለችኝ። «በሩን ንፋስ ሊገነጥለው ነው።»

ሮጬ ገባሁ። ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ኒታይ ጥግ ላይ ገመድ ይፈትላል፤ ሁለቱ ሴት ልጆቹ ተቃቅፈው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። ኖኒባላ ምድጃው ፊት ቁጢጥ ብለዋል። ድስቱ ይፍለቀለቃል፤ ማማሰያው በእጃቸው ነው።

«ጨው ጨምሪ አልኩሽ እኮ» አሉ ለቢሻካ።

«ጨምሬያለሁ።»

«አልጨመርሽም።»

«እናንተ ሰዎች» አለ ኒታይ ከጥጉ፣ «አሁንስ ማዕበሉ ይሻላል።» ማንም አልሳቀለትም። ቢሻካ ማማሰያውን ከአማቷ እጅ ቀማችና ቀመሰች። ኖኒባላ ቀሟት፤ ቀመሱ። ሁለቱም ጨው ሳይጨምሩ ተዉት።

እዚያው በሩ ሥር፣ ውሃ እያንጠባጠብኩ ተንበረከክሁ። ለሳምንታት ሳመላልሰው የከረምኩትን አንድም ሳላሳምር አወጣሁት።

«ማሺ፣ ያን ቀን ስላሳቅሁብዎ ይቅር ይበሉኝ።»

ኖኒባላ አጠገባቸው ካለው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ለነገ ጠዋት የተቦካውን የመለቅለቂያ ጭቃ በጣታቸው ዛቅ አደረጉና አዩት።

«ይህም ገና አልደረቀም» አሉ። «ሲደርቅ እናያለን።»

ደነገጥኩ። ፊታቸው ላይ ሳቅ ፈለግሁ፤ አልነበረም። ጭቃውን በምድጃው ጠርዝ ላይ ቀቡት፣ እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ድስቱን አወረዱና ሩዙን ማውጣት ጀመሩ፤ ለኒታይ፣ ለልጆቹ፣ ለቢሻካ፣ ለራሳቸው። አንድ ሳህን ተረፈ። ሞሉትና በሁለት እጃቸው ወደኔ ዘረጉት።

«እስከዚያው ብዪ» አሉኝ።

ተቀበልኩ። ከዚያ ድስት የዚያን ቀን የበላነው ስድስት ነን።